ዘውድ የማይሞላው ልብ

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በስደት ምድር ስንኖር ለራሳችን ደጋግመን የምንሰጠው አንድ ተስፋ አለ፤ «የመኖሪያ ፈቃዱ ይውጣልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ አርፋለሁ» እንላለን። ፈቃዱ ሲወጣ ትምህርቱን፣ ትምህርቱ ሲፈጸም ቤቱን፣ ቤቱ ሲገዛ ከጎረቤት የሚበልጠውን ቤት እንመኛለን። ዕረፍቱ ግን እንደ አድማስ በቀረብነው ቁጥር ይርቀናል። ይህ ስለ ምን ይሆናል?

ጠቢቡ ሰሎሞን በመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 2 ይህንኑ በገዛ ሕይወቱ መርምሮታል። ቤቶችን ሠራ፤ ወይን ተከለ፤ ወርቅና ብር አከማቸ፤ ዘፋኞችን ሰበሰበ። በመጨረሻ ድካሙን መለስ ብሎ ሲመለከት በእጁ የሚጨበጥ ትርፍ አላገኘም። ይህን የሚነግረን አጥቶ የተመኘ ድኻ ሳይሆን አግኝቶ የጠገበ ንጉሥ መሆኑን ልብ እንበል።

የሀገራችንም ታሪክ ተመሳሳይ ምስክር አለው። ንጉሠ አክሱም ቅዱስ ካሌብ በናግራን ክርስቲያኖች ላይ የደረሰውን ግፍ ሰምቶ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ525 ዓ.ም. ገደማ ቀይ ባሕርን አሻግሮ ጦሩን በመምራት ድል አደረገ። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምትተርከው፣ ከዚያ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአባ ጰንጠሌዎን ዘንድ መነኰሰ። ዙፋኑን የተወው ተሸንፎ ሳይሆን በክብሩ ጫፍ ላይ ሳለ ነው። ድል የተበደለውን ቢታደግም ለነፍስ ዕረፍት እንደማይሆናት ሥራው ይመሰክራል።

ምድራዊ ነገር የሚሞላው ምድራዊውን ጉድለት ብቻ ነው፤ እንጀራ ረኃብን፣ ቤት ብርድን፣ ደመወዝ ዕዳን ያስታግሣል። ያገኘነውንም ቶሎ እንለምደዋለን፤ ከለመድነውም በኋላ ከሌላው ሀብት ጋር እያስተያየን እናሳንሰዋለን። ነፍስ ግን የምትራበው የፈጠራትን ነው።

እንዲህ ስንል ሥራ ይቅር፣ ልጆች አይማሩ ማለታችን አይደለም። ሁላችንም ለምንኵስና አልተጠራንም። ዲፕሎማው በግድግዳችን ላይ ይሰቀል፤ በልባችን ዙፋን ላይ ግን አይቀመጥ። ሁለት ፈረቃ ስንሠራ ያልጠየቅነው ሕመምተኛ፣ ድምፃችንን የናፈቀች እናት፣ የታጐለ ጸሎት ይኖር ይሆን?

ግንቦት 20 ቀን የቅዱስ ካሌብን መታሰቢያ ስናደርግ፣ አልለቅም ብለን የያዝነው የእኛ ዘውድ የትኛው እንደ ሆነ ራሳችንን እንመርምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።