ቀን ደህና፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥረው የሳንባ ሕመምተኛ

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ቀን ሐኪም ፊት ሲቀመጥ ደህና ሊመስል ይችላል። ጣጣው ሌሊት ነው። በተለይ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ሰዓት ለትንፋሽ የሚያግዙት የአንገትና የደረት ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ ሥራው ድያፍራም በተባለው ዋና የትንፋሽ ጡንቻ ላይ ብቻ ይወድቃል። ጉሮሮም እየተዘጋ ትንፋሽ ካቋረጠ ሕመሙ ድርብ ነው። ሲጋራ አጭሳ የማታውቅ፣ ዕድሜዋን በእንጨትና በኩበት ጭስ ያሳለፈች እናትም ከዚህ አትድንም፤ «እርጅና ነው» ተብሎ መታለፉ ያናድደኛል።

አንደኛ፣ አብራችሁት የምታድሩ ቤተሰቦች አድምጡ። የተኛው ሰው ራሱን አይሰማም። ማንኮራፋቱ ቀጥ ብሎ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ጸጥታ ከሆነ፣ ከዚያም ታንቆ እንደሚነቃ ሰው ካቃሰተ፣ ደረቱ እንዲታይ አድርጋችሁ ከነድምፁ በስልክ ቅረጹ።

ሁለተኛ፣ ጠዋት ጠይቁ። ራስ ምታት አለ? ሌሊት በደም ውስጥ የተጠራቀመ ካርቦንዳይኦክሳይድ ሊሆን ይችላል። ቀን ቁጭ ባሉበት ማንቀላፋትንና የእግር እብጠትንም መዝግቡ።

ሦስተኛ፣ ማታ የሚወሰደውን ቁጠሩ። ዲያዜፓም፣ ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ፣ አረቄ፤ ሁሉም ትንፋሽን ሊያዳክሙ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ መድኃኒት ግን በድንገት አይቆምም፤ ሐኪም ይወስን።

አራተኛ፣ የደም ኦክስጅንን የሚለካውን የጣት መለኪያ ከልክ በላይ አትመኑ። ሂና፣ የጥፍር ቀለምና የቀዘቀዘ ጣት ያሳስቱታል፤ በጥቁር ቆዳ ላይም ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ከእንቅልፍ ነቅቶ የተለካ ቁጥር ደግሞ ስለ ሌሊቱ ብዙም አይናገርም።

አምስተኛ፣ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ካለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትጨምሩ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው አይቶ ቁልፉን መጠምዘዝ ደግነት ይመስላል። አንዳንድ ሕመምተኞች ግን ኦክስጅን ሲበዛባቸው ካርቦንዳይኦክሳይዱ ይከማችባቸውና ያፈዛቸዋል። ለእነርሱ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት የደም ኦክስጅን መጠን ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። ኦክስጅን የተዘጋ ጉሮሮም አይከፍትም፤ ያንን የሚያደርገው በጭምብል አየር የሚገፋው ሲፓፕ ነው። ካርቦንዳይኦክሳይድ ከፍ ካለ ደግሞ ባይፓፕ የተባለ ሌላ የጭምብል መሣሪያ ሊታዘዝ ይችላል። ሻማ፣ ከሰልና ሲጋራ ኦክስጅኑ ካለበት ይራቁ።

ስድስተኛ፣ ቪዲዮውንና ማስታወሻውን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የእንቅልፍ ምርመራ፣ ካልተገኘም ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን የሚመዘግብ መለኪያና የደም ጋዝ ምርመራ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እስከዚያ ከወገብ በላይ ከፍ ብሎ፣ በጎን መተኛት ይረዳል።

ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ከዘባረቀ ወይም ሲቀሰቀስ በቀላሉ ካልነቃ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።