ፍጻሜው ስለምን ያከራክረናል?

ተከታታይ ድራማ ማለት አንድ ታሪክ በየጊዜው እየተቆረሰ ለተመልካች የሚቀርብበት የጨዋታ ዓይነት ነው። ብዙ ክፍል ያለው ድራማ ባለቀ ጊዜ ግን በአንድነት ሲከታተሉት የቆዩት ሰዎች በፍጻሜው ይለያያሉ። አንዱ «ደግ አደረገ» ሲል ሌላው «አበላሸው» ይላል። ያዩት ነገር አንድ ሆኖ ሳለ ፍርዳቸው ስለምን ይለያያል? በዚህች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ይህንኑ ነው።

በመጀመሪያ ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። «ዘ ሶፕራኖስ» የተባለው የአሜሪካ ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ዓ.ም. ታይቶ በ86ኛው ክፍል ተፈጸመ። በመጨረሻው ትዕይንት የወንበዴዎቹ አለቃ ከቤተ ሰቡ ጋር ምግብ ቤት ተቀምጧል፤ በሩ ሲከፈት ቀና ይላል፤ ወዲያው ምስሉም ድምፁም ድርግም ብሎ ይጠፋል። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። ሰውየው ሞተ ወይስ ዳነ? እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ይህ ክርክር የመጣው ደራሲው ዝም ስላለ ነውና ምክንያቱን ማወቅ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው የእኛው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ፍጻሜው በርእሱ ላይ ተጽፏል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያወጡትን ይህን ልብ ወለድ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት በተከታታይ ስለ ተረከው ፊደል ያልቆጠረውም ሰምቶታል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተከታታይ ድራማ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲቀርብ የሚያውቀውም የማያውቀውም አብሮ ተመለከተው። የእኛ ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚገነጠልባት ከተማ ስለሆነች መኪና የሚጠብቅ መንገደኛ አይጠፋም። ብርዱን ሽሽት ሻይ ቤት የገባው ሁሉ፥ የማይተዋወቀው እንኳ፥ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል ሲሟገት ሰምቻለሁ።

ታሪኩን ለማያስታውስ ባጭሩ ልንገር። በዛብህ የድኻ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ በድንግልና ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ተስለውበታል። የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ገብቶ ተዋደዱ። ፊታውራሪ ለልጃቸው በዘር እኩያ የሚሆን ባል አጥተው ዕድሜዋን ያሳለፉባት ሰው ናቸው። ነገሩ በታወቀ ጊዜ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ፤ በኋላም በመንገድ ላይ ወንበዴዎች አቁስለውት ሞተ። ሰብለ መነኰሰች።

እንግዲህ አያቴ «የገደለው ስእለቱ ነው» ትላለች። ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ዓለም ፈልጎ ቢሄድ እንዴት ይቀናዋል? የክፍል ጓደኞቼ አብዛኞቹ «የገደለው የፊታውራሪ የዘር ትዕቢት ነው» ይላሉ፤ እነዚህ ጉዱ ካሳን የሚወዱ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ስእለቱም ትዕቢቱም አልገደለውም፤ ወንበዴ ነው የገደለው፤ ደራሲው አታለሉን» ብሎ ይቈጣል።

እንደ እኔ አስተያየት የክርክሩ ሥር ያለው ይህ የተቈጣው ጓደኛዬ ባነሣው ነገር ላይ ነው። ወንበዴዎቹ ከፊታውራሪም ከስእለቱም ወገን አይደሉም። ደራሲው በፊታውራሪ ጠመንጃ ቢያስገድሉት ኖሮ አያቴ ዝም ትል ነበር፤ መብረቅ ቢያወርዱበት ደግሞ ጓደኞቼ ዝም ይሉ ነበር። ገዳዩ የማንም ስላልሆነ ግን እያንዳንዱ ከልቡ የነበረውን ፍርድ አምጥቶ ያኖርበታል። ስለዚህ የምንከራከረው ስለ በዛብህ ይመስላል እንጂ፥ የወላጅ ስእለት ልጅን ያስር እንደ ሆነና የድኻ ልጅ የባላባት ልጅ ቢያገባ ነውር ይሆን እንደ ሆነ ነው። ይህ ደግሞ በላስታ ተራሮች ላይ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የመጠበቁ ርዝመት ነው። መጽሐፍ አንባቢ የቀረውን ገጽ በጣቱ ይለካዋል፤ የሬዲዮ አድማጭ ግን ከአንዱ ሳምንት እስከ ሌላው ባዶውን ቀን በራሱ ሐሳብ ይሞላል። እናቴ በልጅነቷ በትረካው መካከል ሰብለንና በዛብህን በልቧ ድራቸው እንደ ነበር ነግራኛለች፤ ሞቱን የሰማች ዕለት የገዛ ሠርጓን ያፈረሱባት ያህል ሆነባት። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. በተከታታይ ያሳትም የነበረውን «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ» ሲጨርስ፥ አንድ የደራሲ ወዳጁ ስለ መከረው ያሳዘነውን ፍጻሜ ለውጦ ተስፋ ያለበት አደረገው። የትኛው እንደሚሻል እስከ አሁን ያከራክራል። ሐዲስ ዓለማየሁ እንዲህ ያለ ምክር ቢቀበሉ እናቴ ደስ ይላት ነበር፤ የመጽሐፉን ስም ግን መለወጥ ያስፈልግ ነበር።

እኔ የምይዘው የጓደኞቼን ወገን ነው። ወንበዴው በዛብህን ያገኘው በመንገድ ላይ ነው፤ በመንገድ ላይ ያዋለው ደግሞ የሸሸበት ነገር ነው። ይህን ለአያቴ ብነግራት፥ «ከስእለቱ ሸሽቶስ ቢሆን?» አለችኝ። ስእለቱ የወላጆቹ እንጂ የእርሱ አይደለም አልኋት። ጥጧን እየፈተለች፥ «ልጁስ የማን ነበር?» አለች።