ነውር ስላለበት ዕቃ ካሣ መጠየቅ

ሰው ለቤቱ ከሚገዛቸው ዕቃዎች መካከል የጣራ ቆርቆሮ ነውሩ ፈጥኖ አይታይም። ጨርቅ ቢሆን በእጅ ተዳስሶ፥ እህል ቢሆን በጥርስ ተቆርጥሞ ይታወቃል፤ ቆርቆሮ ግን በሱቅ ተደርድሮ ሳለ ክፉውም ደጉም አንድ ሆኖ ያብረቀርቃል። የሚለየው ክረምት ሲገባ ነው። ያን ጊዜም ገንዘቡ ከገዢው እጅ ወጥቷል፥ ምስማሩ ተመቷል፥ አናጢውም ደመወዙን ተቀብሎ ሄዷል። ስለዚህ ጣራው ያፈሰሰበት ሰው ከማንም ይልቅ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልገዋል፤ አንደኛው የነውሩ ምክንያት፥ ሁለተኛውም የሚጠይቀው ካሣ ልክ ነው።

ቆርቆሮ ማለት በሁለት ፊቱ ዚንክ የሚባል ማዕድን የለበሰ ስስ የብረት ገበታ ነው። ስስ የሆነውን ገበታ እንደ ማዕበል እያጠፉ ጠንካራ ማድረግን ሄንሪ ፓልመር የሚባል የእንግሊዝ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1829 ዓ.ም. በሎንዶን አወጣ። ብረትን በቀለጠ ዚንክ እየነከሩ ማልበስን ደግሞ ሶሬል የሚባል ፈረንሳዊ በ1837 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት አገኘበት። ዚንኩ ብረቱን እንደ ልብስ ይሸፍነዋል፤ ከዚህም በላይ በጥቂቱ ቢጫር እንኳ አስቀድሞ እርሱ እየተበላ ብረቱን ከዝገት ያድነዋል። እንግዲህ ዚንኩ የሳሳ እንደ ሆነ የቆርቆሮውም ዕድሜ ያጥራል። የቆርቆሮው ውፍረት በቁጥር ይነገራል፤ ነጋዴዎች ጌጅ ይሉታል። ቁጥሩ ሲበዛ ውፍረቱ ያንሳል፤ ባለ 32 የሚባለው ከባለ 28 ይሳሳል። ይህን ያላወቀ ገዢ ቁጥሩ ስለ በዛለት ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር ነው።

ነገር ግን ዝገት ሁሉ ከሻጩ ጥፋት አይመጣም። አዲስ ቆርቆሮ ተደራርቦ ሳለ በመካከሉ ውኃ ቢገባና አየር ቢያጣ፥ መልካም ዕቃ ቢሆንም እንኳ ዱቄት የመሰለ ነጭ ዝገት ያወጣል፤ እንዲሁም ቢቆይ ዚንኩ ያልቅና ቀዩ ዝገት ይከተላል። ይህ የአቀማመጥ ጥፋት ነው። ካሣ ጠያቂውና ነጋዴው ብዙ ጊዜ የሚጣሉት በዚሁ ነጥብ ላይ ነው፤ አንዱ «የሸጥህልኝ ክፉ ነበር» ሲል፥ ሌላው «አንተ አበላሸኸው» ይላል።

ለምሳሌ ያህል በአዲስ አበባ አንድ ሸማኔ አለ ይባል። ባለ 28 ነው ተብሎ አርባ ቆርቆሮ ገዛ፤ ደረሰኙንም በሣጥኑ አኖረ። በመጀመሪያው ክረምት ምንም አልታየም። በሁለተኛው ክረምት ግን ጣራው በብዙ ስፍራ ቀላ፤ አንድ ሌሊትም አፈሰሰና በቁም ሣጥኑ አጠገብ የነበረው ድርና ማግ ራሰ። ሚስቱ ወዲያው ተነሥታ ከሚያፈሰው ስፍራ ሁሉ በታች ሳፋ አኖረች፤ እርሱም ሸማ መሥሪያውን ወደ ደረቁ ማዕዘን አዛወረ።

በማግሥቱ ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡ። ከእነርሱ አንዱ «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ከነጋዴ ጋር መከራከር ድካም ነው» አለው። ሌላው ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ይልቅስ አልጋውም ልብሱም ሁሉ ጠፋብኝ ብለህ ሦስት እጥፍ ጠይቅ» ብሎ መከረው። እነዚህ ሁለት ምክሮች የሚቃረኑ ይመስላሉ እንጂ፥ ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ የተነገሩ ናቸው።

ሸማኔው ግን መሰላል አቁሞ ወጣና አንድ በአንድ ቈጠረ። ከአርባው ዘጠኙ ደኅና ነበሩ፤ ከሌላ ጥቅል የወጡ መሆናቸውን በላያቸው ካለው ማኅተም አወቀ። የዛጉት ሠላሳ አንድ ነበሩ። ከእነዚህም በስተጓሮ በኩል ያሉትን አሥራ ሁለቱን ባየ ጊዜ ልቡ ደነገጠ። ቤቱ በተሠራ ጊዜ አናጢው ስለ ታመመ፥ እነዚያ አሥራ ሁለቱ ተደራርበው ሁለት ሳምንት በዝናብ ደጅ አድረው ነበርና።

ሚስቱም ይህን በነገራት ጊዜ «የልጆቼ አባት፥ ያን ጊዜ ዝናቡን ያየ ሰው የለም። ይህን ቢነግሩት እርሱን ይዞ ሁሉንም ይክድዎታል፤ እኛም የምንተካበት ገንዘብ የለንም» አለችው። የተናገረችውም ሐሰት አልነበረም። ነጋዴው ምክንያት ካገኘ ሊክድ ይችላል፤ ልጆቻቸውም ከሚያፈሰው ጣራ በታች ይተኙ ነበር። እውነትን መናገር ቀላል የሚሆነው ምንም በማያስከፍል ጊዜ ብቻ ነው።

ሸማኔው ደረሰኙን፥ ከዛጉት ሁለት ቆርቆሮዎችን፥ የቈጠረበትንም ወረቀት ይዞ ወደ ሱቁ ሄደና ነገሩን ሁሉ ተናገረ። ስለ አሥራ ሁለቱም አልሸሸገም። ነጋዴው እንደ ተፈራው «ጌታዬ፥ እንግዲያውስ ሁሉንም ያበላሹት እርስዎ ነዎት» አለው። ሸማኔውም መልሶ «ወንድሜ፥ ደጅ ያደሩት አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ ዘጠኙ ከሱቅዎ እንደ ወጡ ጣራ ላይ የወጡ ናቸውና ይለኩ» አለው። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ብረት የሚያውቅ ሰውም ተጠርቶ የቆርቆሮውን ጠርዝ በመለኪያ ለካ፤ ውፍረቱ በደረሰኙ ከተጻፈው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴው ከዚህ በኋላ መካድ አልቻለም። አሥራ ዘጠኙን ሊለውጥ፥ የምስማሩንና የአናጢውን ዋጋ፥ በመጀመሪያው ሌሊት የራሰውንም ድርና ማግ ሊከፍል ተስማማ።

ሸማኔው የአሥራ ሁለቱን ጉዳይ ሊተወው ነበር። ይህ ግን በራሱ ላይ መብዛት ነው፤ እነርሱም እንደ ሌሎቹ ስሶች ሆነው ተሸጠውለታልና። ዝናቡ የጨመረው ጉዳት አለ፥ ሻጩም ያጐደለው ውፍረት አለ። ሽማግሌዎቹ ይህን ተመልክተው ለአሥራ ሁለቱ ግማሽ ዋጋ ፈረዱለት። ራስን መበደልም ከሐሰት የራቀ አይደለም፤ ዕዳውን ከባለ ዕዳው ላይ አንሥቶ በልጆች ላይ ማኖር ነውና።

እንዲህ ያለው ፍርድ በሽማግሌ ልማድ ብቻ የቆመ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ በባቢሎን የነገሠው ሐሙራቢ፥ ሠሪው አጽንቶ ባለመሥራቱ ቤት ቢፈርስ በራሱ ገንዘብ እንዲሠራውና የጠፋውንም ዕቃ እንዲከፍል በድንጋይ አስጽፎ ነበር። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ እንደ ውሉ መሆኑንና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው መድን እንዲሆን ያስገድደዋል። ገዢውም ባዶ እጁን አልተተወም፥ ሥራም ይጠብቀዋል። ዕቃውን እንደ ተረከበ በተቻለው ፍጥነት መመርመር፥ ጉድለቱንም እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀ በኋላም አንድ ዓመት ሳያልፍ መብቱን ካልጠየቀ ያጣዋል። አውቆ ያታለለ ሻጭ ግን በገዢው መዘግየት ሊያመልጥ አይችልም።

ሸማኔውና ሚስቱ ሳፋ ማኖራቸውና ዕቃቸውን ማሸሻቸው ከዚሁ ሕግ ጋር ይገጥማል። አንቀጽ 1802 ውል ፈረሰብኝ የሚል ሰው ጉዳቱ እንዳይበዛ የሚገባውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዝዛል። ካሣ ይበዛልኝ ብሎ ጥጡን በሚያፈሰው ስፍራ የሚተው ሰው ስለዚህ ምንም አያተርፍ። ጥፋቱ የቆርቆሮው ሳይሆን የሠራተኛው የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ሌላ አንቀጽ ይሄዳል፤ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው መልካምነትና ለሕንፃው ጽናት አሥር ዓመት መድን መሆኑን አንቀጽ 3039 ይናገራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ለሸማች፥ ጉድለት ያለበትን ዕቃ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅን ፈቀደ፤ ከዚህ የሚሻል ሌላ መብት ካለውም አልነሣውም። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ይህን ሁሉ ቢያውቅ ከማን እንደ ገዛ ማስረዳት ይቸግረዋል።

ነውሩ የአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን የብዙ ሺህ ቤቶች በሆነ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን ሊከራከር አይችልም። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1978 እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ፖሊቡቲሊን የሚባል የውኃ ቧንቧ በሚሊዮን በሚቈጠሩ ቤቶች ተዘርግቶ ነበር። ዋጋው ርካሽ፥ ሥራውም ቀላል ስለ ሆነ ሁሉ ወደደው። ነገር ግን ውኃን ለማንጻት የሚጨመረው ክሎሪን ከውስጥ ሆኖ ቧንቧውንና መገጣጠሚያውን ያደርቀውና ይሰነጥቀው ነበር፤ ከውጭ ሲያዩት ግን ደኅና ነው። ግድግዳና ወለል የራሰባቸው ሰዎች በአንድነት ተከራከሩ፤ በ1995 ዓ.ም. በቴኔሲ ፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነትም የቧንቧውንና የመገጣጠሚያውን ጥሬ ነገር የሠሩት ሼልና ሄክስት ሴላኒዝ የተባሉት ኩባንያዎች ቢያንስ 950 ሚሊዮን ዶላር እንዲያቀርቡ ሆነ። ገንዘቡ የተከፈለው ግን ቧንቧው የተባለው ዓይነት መሆኑንና ማፍሰሱን ላስረዳ፥ በተወሰነውም ጊዜ ላመለከተ ነበር። የማመልከቻው ዘመን በ2009 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ግድግዳው የራሰበት ሰው ቧንቧውን በገዛ ገንዘቡ ይለውጣል።

ካሣው ከተከፈለ በኋላ የተነቀለው ቆርቆሮ ነገር ይቀራል። ሻጩ አዲስ ከሰጠ አሮጌውን መልሶ መውሰድ መብቱ ነው። ለገዢው የተተወለት እንደ ሆነ ግን፥ ቀለም ቀብቶ እንደ ደኅና ዕቃ ለሌላ ድኻ ቢሸጠው፥ ያን ጊዜ እርሱ ራሱ ሻጭ ሆኗልና በነጋዴው ላይ የጠቀሰው አንቀጽ በእርሱም ላይ ይጠቀሳል። ለዶሮ ቤትና ለአጥር የሚበቃ ከሆነ ውፍረቱንና ዝገቱን ተናግሮ በሚገባው ዋጋ ይሽጠው፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ አውቆ የሚገዛ ሰው አይጠፋም።