ቲስፑን እና ቴብልስፑን

በዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርታችን በየቀኑ ከእጃችን የማይጠፉ ሁለት ቃላት እናያለን።

ቲስፑን የሻይ ማንኪያ ነው፤ ሻይ የምናማስልባት ትንሿ። ቴብልስፑን ትልቁ ነው፤ እኛ የሾርባ ማንኪያ የምንለው። «ቴብል» ጠረጴዛ ማለት ነውና በማዕድ ላይ የሚቀርበው ማንኪያ እንደማለት ነው።

ልካቸው ይህ ነው፦
1 ቲስፑን = 5 ሚሊ ሊትር
1 ቴብልስፑን = 15 ሚሊ ሊትር
ስለዚህ አንዱ የሌላው 3 እጥፍ ነው።

የሚያደናግረው ሲያሳጥሩት ነው። ቲስፑን «ቲ፣ ኤስ፣ ፒ»፣ ቴብልስፑን ደግሞ «ቲ፣ ቢ፣ ኤስ፣ ፒ» ተብሎ ይጻፋል። እንግዲህ «ቢ»ን ፈልጉ! «ቢ» ካለች ትልቁ ነው፣ ከሌለች ትንሿ ናት።

ኬክ ላይ ቢምታታ ጨው ይበዛል፣ ማዳም ትቆጣለች፣ ያልፋል። መድኃኒት ላይ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ማዳም ሥራ ስትሄድ ለልጆቹ ሽሮፕ የምንሰጠው ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ፓራሲታሞል ለትኩሳት ጥሩ ነው፤ ከመጠን በላይ ከተሰጠ ግን ጉበት ይጎዳል። ክፋቱ ደግሞ ወዲያው አይታወቅም፤ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ደህና ሊመስል ይችላል። በዚሁ መምታታት ምክንያት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2015 እ.ኤ.አ. የሚጠጣ መድኃኒት ልክ በሚሊ ሊትር ብቻ እንዲጻፍ መክሯል።

ስለዚህ እህቶቼ፦
1. በቤት ማንኪያ መድኃኒት አትስጡ፤ መጠኑ ከቤት ቤት ይለያያል። ከጠርሙሱ ጋር በመጣው መለኪያ ወይም መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስጡ።
2. ማዳም «መልአቃ» ብላ ብቻ ከወጣች ዝም አትበሉ። «ዝጊሬ ወላ ክቢሬ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስንት ሚሊ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ በወረቀት ታስቀምጥላችሁ። መጠየቅ አያሳፍርም።
3. ድንገት ከበዛ አትደብቁ። ቁጣ ያልፋል። ልጁ ደህና ቢመስልም ወዲያው ንገሩ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ይየው።

የቤት ሥራ፦ ጠርሙሱ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ቢል ስንት ቲስፑን ይሆናል? (መልስ፦ 2)

ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ላልደረሳት እህት አቀብሉ። ጌታ እናንተንም የምትጠብቋቸውን ልጆችም ይጠብቅ። አሜን።