የቢቦፕ ስኬል በጊታር፦ የጣት አሰላለፉን እንዴት እንለማመድ?

ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ገበታውን ይዞ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለ አንዳች ስህተት ይወርደዋል። መምህሩ ግን በስንጥር ከመካከል አንዷን ፊደል ነካ አድርጎ «ይህቺ ማን ናት?» ቢለው ዝም ይላል፤ ወይም በሆዱ ከ«ሀ» ተነስቶ እየቆጠረ እስኪደርስባት ያስጠብቃል። እኛ ለመምህርነት የምንሰለጥን ሰዎች ይህን ልጅ «ፊደል ለየ» አንለውም። የያዘው ዜማውን እንጂ ፊደሉን አይደለምና።

ታዲያ ጊታር ይዘን ስኬል ስንለማመድ እኛው ራሳችን ይህንኑ ልጅ ሆነን ተገኘን። ነገሩ እንዲህ ነው። በሙዚቃ ክበባችን ጊታር የምንማር ጥቂት ሰልጣኞች አንድ መንፈቅ ሙሉ አንዲት ስኬል ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ስንመላለስ ቆየን። ጣታችን ፈጠነ፤ ደስም አለን። አንድ ቀን ማታ ግን አንዱ ጓደኛችን ኮርድ እየመታ «በሉ እንግዲህ ከሬ ጀምራችሁ ውረዱ» ቢለን፣ ሁላችንም ጣታችንን ወደ ሶል መልሰን ጀመርን። የተጫወትነውም ከኮርዱ ጋር አልገጥም አለ። ድምፆቹ ትክክል፣ ጣቶቹም ትክክል፤ ጨዋታው ግን የለም። ለምን? ይህን ጥያቄ ስንመረምር ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ሀ/ ቢቦፕ ምንድን ነው?

ቢቦፕ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በተለይም በሃርለም ሰፈር የሌሊት ክበቦች ውስጥ ያደገ የጃዝ ስልት ነው። ከፈጣሪዎቹ መካከል ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ዲዚ ጊለስፒና የፒያኖው ቴሎኒየስ መንክ ይገኛሉ። በጊታር በኩል መንገዱን የከፈተው ቻርሊ ክርስቲያን ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ከፍ ብሎ ስለሚሰማ፣ ክርስቲያን እንደ ሳክስፎን ነጠላ ዜማ እየሰነጠቀ ይጫወትበት ነበር። በ1942 ገና በ25 ዓመቱ ቢሞትም ከእርሱ በኋላ የመጡት የጃዝ ጊታር ተጫዋቾች ሁሉ ከእርሱ ተምረዋል።

የዚህ ስልት ጠባዩ ሁለት ነው። አንደኛ ፈጣን ነው፤ በደቂቃ ከ200 ምት በላይ መሄድ የተለመደ ነው። ሁለተኛ ኮርዶቹ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣሉ፤ ተጫዋቹም የሚያልፈውን ኮርድ በዜማው ውስጥ ማሰማት አለበት። ኮርድ የሚመታ ሰው ባይኖር እንኳ አድማጩ ከነጠላው ዜማ ኮርዱን ሊያውቀው ይገባል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ለ/ ሰባቱ ድምፆች ለምን ይስታሉ?

ለምሳሌ ሶል ሰባት የሚባለውን ኮርድ እንውሰድ። ባለቤቶቹ አራት ድምፆች ናቸው፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ እና ፋ። የቀሩት ላ፣ ዶ እና ሚ እንግዶች ናቸው። አሁን በእግራችን ምት እየመታን፣ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ድምፅ እያደረግን እንውረድ። አንዱ እግር ሲወርድ፣ ሌላው እግር ሲነሳ፦

ሶል ፋ / ሚ ሬ / ዶ ሲ / ላ ሶል

እግራችን ሲወርድ የተሰሙት እነማን ናቸው? ሶል፣ ሚ፣ ዶ እና ላ። ከአራቱ ሦስቱ እንግዶች! ጆሮ ደግሞ አጥብቆ የሚይዘው ከምቱ ጋር የወረደውን ነው። ወደሚቀጥለው ኦክታቭ ብንወርድ ነገሩ ተገልብጦ ይገጥማል፤ ከዚያ መልሶ ይስታል። እንዲህ አንዴ እየገጠመ አንዴ እየሳተ የሚሄድ ጨዋታ የሚያምነው የለም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከፋ ወደ ሬ ስንወርድ በመካከላቸው ሚ አለች። በሬና በሲ መካከል ዶ፣ በሲና በሶል መካከል ላ አለች። በሶልና በፋ መካከል ግን ማንም የለም፤ ባለቤቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ እዚያ ላይ አንዲት ተሻጋሪ ድምፅ፣ ፋ ሻርፕን፣ እናስገባለን፦

ሶል ፋ-ሻርፕ / ፋ ሚ / ሬ ዶ / ሲ ላ / ሶል

አሁን እግር ሲወርድ ሶል፣ ፋ፣ ሬ፣ ሲ፣ ከዚያም እንደገና ሶል ይሰማሉ። ኮርዱ ራሱ ወረደ ማለት ነው። ስምንት ድምፆች ያሉትን ይህን ስኬል እነ ፓርከር በዚህ ስም አያውቁትም ነበር፤ ጨዋታቸውን በኋላ የመረመሩ መምህራን ናቸው «የቢቦፕ ስኬል» ያሉት። በተለይ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ዴቪድ ቤከር በመጻሕፍቱ በሰፊው አስተዋውቆታል።

ሐ/ ጣቶቹ የት ይረፉ?

በክራር ላይ እያንዳንዱ ክር በተቃኘበት ድምፅ ይናገራል። ጊታር ግን አንዱን ድምፅ በብዙ ቦታ ይሰጣል። በ4ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያለችው ሶል በ3ኛው ክር ሳትነካ ትገኛለች፤ በ5ኛው ክር ደግሞ 10ኛው ፍሬት ላይ አለች። ስለዚህ አንድ ሰፈር መርጦ እዚያው መኖር ያስፈልጋል። የመረጥነው ሰፈር ይህ ነው፤ አመልካች ጣት 2ኛውን ፍሬት፣ መሐል ጣት 3ኛውን፣ የቀለበት ጣት 4ኛውን፣ ትንሿ ጣት 5ኛውን ይጠብቃሉ። እጅ አይንቀሳቀስም። ከላይ ወደ ታች ሲወረድ፦

4ኛ ክር፦ ሶል በትንሿ ጣት፣ ፋ ሻርፕ በቀለበት ጣት፣ ፋ በመሐል ጣት፣ ሚ በአመልካች ጣት።
5ኛ ክር፦ ሬ በትንሿ ጣት፣ ዶ በመሐል ጣት፣ ሲ በአመልካች ጣት።
6ኛ ክር፦ ላ በትንሿ ጣት፣ ሶል በመሐል ጣት።

ልብ በሉ! ፋ ሻርፕ ባትኖር ኖሮ በዚህ ሰፈር የቀለበት ጣት ከነጭራሹ ሥራ አልነበረውም። ተሻጋሪዋ ድምፅ ሥራ ለፈታው ጣት ሥራ ሰጠችው። ይህንኑ አሰላለፍ እንዳለ ሁለት ፍሬት ወደ ላይ ብናሻግረው ላ ሰባት ይሆናል፤ ሌላ ትምህርት አያሻም።

መ/ በ20 ደቂቃ ምን እንሥራ?

ክበባችን ያለው ጊታር አንድ ነው፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ለአንድ ሰው የሚደርሰው 20 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ስለዚህ እንዲህ ብንከፋፍለውስ?

1. ተራ ስንጠብቅ፦ በእግር ምት እየመታን የድምፆቹን ስም በአፍ እንውረድ፤ እንውጣ። ባለቤቶቹን ጠበቅ፣ ተሻጋሪዎቹን ላላ አድርገን እንጥራ። ይህ ጊታር አይፈልግም።

2. የመጀመሪያው 5 ደቂቃ፦ በደቂቃ 60 ምት፣ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ድምፅ። ወርደን እንውጣ፤ ስንወጣም ፋ ሻርፕ እንዳትረሳ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና፣ ሦስት ጊዜ ሳንሳሳት ከተመለስን በኋላ ብቻ 4 ምት እንጨምር።

3. ቀጥሎ 10 ደቂቃ፦ ከሶል መጀመር ክልክል ነው! ከፋ፣ ከሬ፣ ከሲ እየተነሳን፣ እግር ሲወርድ ጀምረን እስከ ታችኛው ሶል እንውረድ። ከእንግዳ ድምፅ፣ ለምሳሌ ከሚ፣ መነሳት ካማረን እግር ሲነሳ እንጀምር፤ ያኔ ሬ ከምቱ ጋር ትወርዳለች።

4. የመጨረሻው 5 ደቂቃ፦ ጓደኛ አጠገባችን ቆሞ ከባለቤቶቹ አንዷን በድንገት ይጥራ፤ እኛም ሳንቆጥር ከእርሷ እንነሳ። በስንጥር ፊደል እንደሚያስለይ መምህር ማለት ነው።

ሠ/ አንድ ማሳሰቢያ

ስኬል ጨዋታ አይደለም። በኢንዲያናፖሊስ ተወልዶ ከታላላቅ የጃዝ ጊታር ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ዌስ ሞንትጎመሪ የተማረው የቻርሊ ክርስቲያንን ሸክላዎች እየሰማ፣ ዜማውን በጆሮው እየለቀመ ነው። የምንሰማው ነገር ከሌለ ጣት ቢፈጥን ምን ያደርጋል? ከዚህ ጎን ለጎን የፓርከርን ወይም የክርስቲያንን አንድ አጭር ዜማ በጆሮ ይዞ በዚያው ሰፈር መፈለግ ይገባል። ያኔ ፋ ሻርፕን ወይም እንደ እርሷ ያለች ተሻጋሪ ድምፅ የት እንዳስቀመጡ በራሳችን እናገኛለን።

እኛ አንድ መንፈቅ ያጠፋነው ሰንፈን አይደለም፤ በየቀኑ ለፍተናል። ያጠፋነው ቅደም ተከተሉን እንደ እውቀት ቆጥረን ነው። ነገ ክፍል ስንገባም ይኸው ስህተት ይጠብቀናል። ተማሪዎቻችን በኅብረት ሲያነበንቡልን ደስ ብሎን እንዳናልፍ፣ ከመካከል አንዷን ነክተን እንጠይቅ።

ለራሳችን የምንመልሳቸው ጥያቄዎች፦

1. በዶ ሰባት ኮርድ ባለቤቶቹ ዶ፣ ሚ፣ ሶልና ሲ ፍላት ናቸው። ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ የትኞቹ ናቸው? በመካከላቸው የምትገባው ተሻጋሪስ?
2. ከላይ ያለውን አሰላለፍ ከ8ኛው ፍሬት ብንጀምረው እያንዳንዱ ጣት የትኛውን ፍሬት ይጠብቃል?

መልሱን በወረቀት ሳይሆን በጊታሩ ላይ፣ በየተራችን እናሳይ።