የኖኅ መርከብ ልክና የአሸዋው መኪና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት ሒሳብ መሆኑን ስታዩ «ይህ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመጣ ግን በሕፃናት ክፍል አንዲት ልጅ «ያ ሁሉ እንስሳ በአንድ መርከብ እንዴት ገባ?» ብላ ጠየቀችን። «እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል» ብለን አለፍናት። መልሱ እውነት ነው፤ የልጅቱ ፊት ግን አልረካም። መጽሐፉ ልኩን ጽፎልን ሳለ እኛ ሳናሰላው መቅረታችን አሳፈረን።

በኦሪት ዘፍጥረት 6፥15 የመርከቡ ርዝመት 300፣ ወርዱ 50፣ ከፍታው 30 ክንድ ነው። የሣጥን ቅርጽ ያለው ነገር፣ በትምህርት ቤት ሬክታንግላዊ ፕሪዝም የምንለው፣ ይዘቱ ሦስቱን በማባዛት ይገኛል። ወለሉ 300 × 50 = 15,000 ካሬ ክንድ ነው። በዚህ ላይ አንድ አንድ ክንድ ከፍታ ያለው ንብርብር 30 ጊዜ ብንደራርብ 450,000 ኩብ ክንድ ይሆናል።

ነገር ግን ክንዱ የማን ክንድ ነው? ጨርቅ በክንድ ሲለካ ለገዢ ረጅም ክንድ፣ ለሻጭ አጭር ክንድ ይበጃል። ክንድን 45 ሳንቲ ሜትር ብንለው የመርከቡ ይዘት 41,006 ኩብ ሜትር ያህል ነው፤ 50 ብንለው 56,250 ይሆናል። የ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በርዝመትም፣ በወርድም፣ በከፍታም ስለገባ ከ15,000 ኩብ ሜትር በላይ አመጣ። (የቆዩት የጎጃም አብያተ ክርስቲያናት አብዛኞቹ ከውጭ ክብ ናቸው፤ መቅደሱ ግን ባለ አራት ማዕዘን ስለሆነ ይህ ስሌት እዚያም ይሠራል።)

ይህን ስናጠና አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለን። ለአዳራሻችን ሥራ አሸዋ ስናስመጣ ሻጩ «16 ኩብ ነው» አለን፤ ከፈልን፤ አመሰገንንም። ገንዘቡ ከምእመናን አሥር አሥር ብር እየተለቀመ የመጣ ነበር። መኪናው አራግፎ ሊወጣ ሲል ግንበኛው አባት የጭነቱን ሣጥን ውስጡን በሜትር ለኩት፤ 5 ሜትር በ2.30 በ1.20። አሸዋው እስከ አፉ ብቻ ስለነበር 13.8 ኩብ መሆኑ ነው። «ልጆቼ፣ ሒሳብ የተማራችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አሉን። አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቆመን ነበር፤ ሜትር ያወጣ ግን አልነበረም። የጎደለውን 2.2 ኩብ ደግመን ገዛን።

ይዘቱና ሁለቱ ልኮች ከታወቁ ሦስተኛው በማካፈል ይገኛል። ወለሉ 5 × 2.30 = 11.5 ካሬ ሜትር ነው፤ 16 ÷ 11.5 ደግሞ 1.39 ያህል። አሸዋው 1 ሜትር ከ39 መቆም ነበረበት። አሁን ይህን ከመክፈላችን በፊት እናሰላለን።

ይዘቱ ብቻ ሲታወቅ መልሱ ይበዛል። 24 ኩብ ሜትር የሚይዝ የውሃ ገንዳ በሙሉ ቁጥር ስድስት ዓይነት ልክ ሊኖረው ይችላል፤ ከ1 × 1 × 24 እስከ 2 × 3 × 4። ውሃው እኩል ነው፤ ሲሚንቶው ግን እኩል አይደለም። የፊተኛው ገጽ በጠቅላላ 98 ካሬ ሜትር፣ የኋለኛው 52 ነው። የቀሩትን አራቱን ራሳችሁ ፈልጉ።

ለልጅቱም የመርከቡን ስሌት በጠመኔ ሠርተን አሳየናት። ትክ ብላ አይታ «ሣራቸውስ የት ተቀመጠ?» አለችን። እርሱን ገና እያሰላን ነው።