ሁለተኛዋ ሃምሳ

ጠያቂዋ የ100 ሜትር ፍሪስታይል የምትወዳደር አዲስ አበቤ ዋናተኛ ናት። መላሹ ዋና ሲያሠለጥኑ ያረጁ አዛውንት ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ እስቲ ይህን ሰዓት ይዩልኝ። መቶዋን በ1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጨረስኩ። የመጀመሪያዋ ሃምሳ 32፣ ሁለተኛዋ 40። መጨረሻ ላይ ክንዴ የራሴ አልመስል አለኝ። ትንፋሼ አንሶ ይሆን?

አዛውንቱ፦ ሃምሳ ሜትር ብቻዋን ስትወዳደሪ ምርጥ ሰዓትሽ ስንት ነው?

ወጣቷ፦ 31።

አዛውንቱ፦ በይ መልሱን ራስሽ ነገርሽኝ። መቶ ሜትር ልትዋኚ ገብተሽ የሃምሳ ሜትር ውድድር ዋኘሽ፤ የቀረውን እየተጎተትሽ ነው የጨረስሽው።

ወጣቷ፦ ታዲያ እንደ ሯጩ ቀነኒሳ ጉልበቴን ቆጥቤ መጨረሻ ላይ ላፈትልክ?

አዛውንቱ፦ እሱም አይሆንም። እኛ አገር ውድድር ሲባል የሁሉም ሰው ሐሳብ 10 ሺህ ሜትር ላይ ነው፤ መሪውን ተከትሎ ቆይቶ ደወሉ ሲደወል መፈትለክ። የመቶ ሜትር ዋና በጊዜ ርዝመቱ የሚቀራረበው ከ400 ሜትር ሩጫ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሯጩ ቫን ኒኬርክ 400 ሜትርን በ43.03 ሮጠ፤ አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ ደግሞ 100 ሜትር ፍሪስታይልን በ47.58 አሸነፈ። የ400 ሯጭ ቆጥቦ አይጠብቅም። ግን የመጀመሪያውን 200 እንደ 200 ውድድር የሚሮጥ ካለ መጨረሻው ላይ እግሩ ሲተሳሰር ታይዋለሽ።

ቻልመርስን ካነሣን አይቀር፣ ያን ቀን ሃምሳዋ ላይ ሲዞር ሰባተኛ ነበር፤ ገና የ18 ዓመት ልጅ። ቀድሞ የዞረው ካናዳዊው ኮንዶሬሊ አራተኛ ወጣ፣ 47.88።

ወጣቷ፦ ቻይናዊው ፓን ዣንሌ ግን በፓሪስ ኦሊምፒክ ከመጀመሪያው መርቶ ነው የመቶዋን ክብረ ወሰን የሰበረው። እሱንስ ምን ይሉታል?

አዛውንቱ፦ ጥሩ አመጣሽው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው። ብራዚላዊው ሴዛር ሲየሎ በ2009 ሮም ላይ 46.91 ሲዋኝ የመጀመሪያዋ ሃምሳ 22.17፣ ሁለተኛዋ 24.74 ነበረች፤ ያውም ኋላ በታገደው የዋና ልብስ። ሩማንያዊው ፖፖቪች በ2022 እዚያው ሮም 46.86 ሲያደርገው በ22.74 ሄዶ በ24.12 ተመለሰ። ፓን በ2024 በ46.40 ሲጨርስ ደግሞ 22.28 እና 24.12። ፓን ሃምሳዋ ላይ ከሲየሎ ዘግይቶ ነው የዞረው፤ መጨረሻው ላይ ግን በግማሽ ሰከንድ በለጠው። ሁለተኛዋን ሃምሳ መያዝ የቻለ ሰው ነው መጀመሪያውን ማፍጠን የሚፈቀድለት። የአንቺ 40 እስክትስተካከል ድረስ የፓንን አነሳስ ተዪው።

ወጣቷ፦ ግን እነሱም ሁለት ሰከንድ ያህል ይዘገያሉ።

አዛውንቱ፦ ይዘገያሉ። ከዚያ ላይ ግን የመነሻውን ዝላይ ቀንሺ። የመጀመሪያዋ ሃምሳ ከላይ ዘልለሽ የምትገቢባት ናት፤ ሁለተኛዋ ግድግዳ በእግር ገፍተሽ የምትጀምሪያት። ዝላዩ ብቻውን ከሰከንድ በላይ ያተርፍልሻል። ስለዚህ የሁለት ሰከንድ ልዩነት እንደሚመስለው መድከም አይደለም። የስምንት ሰከንድ ልዩነት ግን ነው!

ወጣቷ፦ አንድ ሰከንድ ቀድሞ መሄድ ያን ያህል ዋጋ ያስከፍላል?

አዛውንቱ፦ ውሃ ውስጥ አዎ። ፍጥነት ሲጨምር የውሃው ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ የሚጠይቅሽ ኃይል ደግሞ በኩብ። ፍጥነትሽን በአንድ አሥረኛ ብትጨምሪ ኃይሉ በሲሶ ይጨምራል። ያን ኃይል ጡንቻሽ የሚያወጣው ያለ ኦክስጅን ነው፤ ሂሳቡ ሰባ አምስተኛው ሜትር ላይ ይመጣል፣ ክንድሽ የራስሽ ያልመሰለው እዚያ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን በ33 ሂጂ፣ ሁለተኛዋን በ36 ተኩል ለመመለስ እንሥራ። ድምሩ 1 ደቂቃ ከ9.5 ነው።

ወጣቷ፦ 33 ለመዋኘት ክንዴን ላዘግይ?

አዛውንቱ፦ ክንድሽን አትንኪው። እግርሽን አርግቢው። ትልልቆቹ ጡንቻዎች ጭንሽ ላይ ናቸው፣ ኦክስጅኑንም የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን 50 ሜትር እግርሽ ሰውነትሽን ቀና አድርጎ ይያዝልሽ፤ ሦስተኛዋ 25 ላይ ጨምሪ፣ አራተኛዋ ላይ ያለሽን ሁሉ ስጪ። ትንፋሽም ከመነሻው ጀምሮ ውሰጂ። መጀመሪያ ላይ ሳትተነፍሺ ቆይተሽ ሲጨንቅሽ መተንፈስ የረፈደ ነው።

ወጣቷ፦ ጓደኞቼ ትንፋሽ ይዞ ከውሃ በታች መዋኘት ጽናት ይጨምራል ይላሉ።

አዛውንቱ፦ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሞክሪው! ተንፍሺ ተንፍሺ የሚለን የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መብዛት ነው። ሰው አስቀድሞ ደጋግሞ በጥልቀት ከተነፈሰ ያን ማስጠንቀቂያ ያጠፋውና ሳያውቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞች ሞተውበታል።

ወጣቷ፦ ጽናቱን በምን ላምጣው? በየቀኑ 3 ኪሎ ሜትር እዋኛለሁ።

አዛውንቱ፦ በአንድ ፍጥነት?

ወጣቷ፦ አዎ።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ያንን ፍጥነት ነው የተማርሽው። ረጅም ዋና ከንቱ ነው አልልም፤ ቶሎ እንድታገግሚ ይረዳሻል፣ ቀዘፋሽን ለማስተካከልም ጊዜ ይሰጥሻል። በ1992 እና በ1996 ኦሊምፒክ ሃምሳውንም መቶውንም ያሸነፈው ሩሲያዊው ፖፖቭ ቀስ ብሎ አሳምሮ በመዋኘት ይታወቃል። በአንጻሩ በፓሪስ ሃምሳውን በ21.25 ያሸነፈው ማክኤቮይ የገንዳ ልምምዱን ቀንሶ ወደ ብረት ማንሳት ዞረ። ለሃምሳ ሜትር የእሱ መንገድ ያዋጣል። መቶ ሜትር ግን ሁለቱንም ይፈልጋል፤ አንቺ የጎደለሽ በውድድር ፍጥነት መዋኘቱ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን መቶዋን ቆራርሰሽ ዋኚ። 25 ሜትር በውድድር ፍጥነት፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ አራት ጊዜ። ከጠቅላላው ሰዓት የእረፍቱን 30 ሰከንድ ቀንሺ፤ የቀረው ከ1 ደቂቃ ከ9.5 ማነስ አለበት፣ እረፍት አግኝተሻላ። ከዚያ አምስት ስድስት ደቂቃ ዝግ ብለሽ ዋኝተሽ ድገሚው፤ ለመጀመሪያው ወር ሦስት ዙር ይበቃል። ስትጠነክሪ 50፣ 25፣ 25 አድርጊው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንዋኝ አየሩ ስስ ነው፣ ማገገም ይዘገያል። ባሕር ጠረፍ ላይ ያለ ሰው የጻፈውን የእረፍት ሰዓት እንዳለ አትቅጂ፤ ፍጥነቱ ከወረደ እረፍቱን አርዝሚ።

ደግሞ ቀዘፋሽን ቁጠሪ። የመጀመሪያዋን 25 በስንት ትጨርሺያለሽ?

ወጣቷ፦ በ18። የመጨረሻዋን ቆጥሬ አላውቅም።

አዛውንቱ፦ እኔ ቆጥሬያለሁ፣ 24። እጅሽ ፈጥኗል፣ አንቺ ግን ዘግይተሻል። ክርንሽ ይወርዳል፣ መዳፍሽ ውሃ መያዙን ትቶ ይንሸራተታል፣ ዳሌሽ ይሰምጣል። የአጭር ርቀት ጽናት የምለው ሲደክምሽ የቀዘፋሽን ቁጥር ከ20 ወይም ከ21 አለማስበለጥን ነው። ልምምድ ላይ 22 ከደረሰች ዙሩን አቁሚ፤ ከዚያ በኋላ የምትለማመጂው መበላሸትን ነው።

ወጣቷ፦ በ33 ሄጄ ሁለተኛዋ አሁንም 40 ብትሆንስ?

አዛውንቱ፦ 1 ደቂቃ ከ13 ትሆኚያለሽ፤ ያኔ ጉድለቱ ጉልበት አከፋፈልሽ ላይ ሳይሆን ልምምድሽ ላይ መሆኑን እናውቃለን። ማክሰኞ በአራቱ ሃያ አምስቶች እንጀምራለን። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ቀዘፋሽን ቁጠሪ።